አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፡- የሌሊቱን ምስጋና ለትውልድ ያወረሰ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጾመ ፍልሰታ፣ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ደሴ ከተማ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ በጭቃው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሱ እናቶችንና ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ባለችው በኮምቦልቻም እንዲሁ ነው፤ ከፋብሪካ የሌሊት ሥራ የወጣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በቅጽሩ ውስጥ ጎራ ብሎ ይሳለማል። በውስጥ ካህናቱና ዲያቆናቱ ሰዓታት ቆመዋል። አንዱ ይመራል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ዜማውም ከወገን ወደ ወገን እየተመላለሰ ሌሊቱን ወደ ንጋት ያሻግረዋል።

ይህ ምስጋና ስድስት መቶ ዓመታትን ተሻግሮ የመጣ ነው። የደረሰው አባትም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አይደለም። የተወለደበት መንደር፣ የተማረበት ገዳምና ስሙ የሚጠራበት በአት የሚገኙት ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው፣ ይህ አባት በልጅነቱ ያለቀሰበትን ገዳም ያገኛል። ሆኖም በዚሁ አካባቢ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆችን ሰዓታትን ማን እንደ ደረሰው በጠየቅናቸው ጊዜ አብዛኞቹ ቅዱስ ያሬድ ነው ብለው መለሱልን። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ የአባ ጊዮርጊስን ስም ጠራች፤ ጋስጫ የት እንደ ሆነ ግን አታውቅም ነበር። ልጆቹን አልወቀስናቸውም፤ ያልነገርናቸው እኛ ነንና። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ልደቱና ዘመኑ

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ቦረና፣ ሸግላ በተባለ ስፍራ እንደ ሆነ አበው ያስተምራሉ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባላል፤ በቅዱሳት መጻሕፍት ዕውቀቱ የተመሰገነና በነገሥታቱ ሠፈር ከሚያገለግሉ ካህናት አንዱ ነበር። ወላጆቹ ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ተማጽነው ስላገኙት ስሙን በሰማዕቱ ስም ጠሩት። የስእለት ልጅ ነውና ገና ከማኅፀን ለቤተ እግዚአብሔር የተሰጠ ነበር። የመጀመሪያ ትምህርቱን ያገኘው ከወላጅ አባቱ እግር ሥር ሲሆን፣ ለመዓርገ ዲቁና እስኪበቃም በዚያው ቆየ።

ዘመኑ ነገሥታቱ ቋሚ መናገሻ ሳይኖራቸው በድንኳን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወሩበት፣ ገዳማት ደግሞ የዕውቀት ጎተራ የነበሩበት ዘመን ነው። ግእዝ የዕለት መነጋገሪያ መሆኑ ካበቃ ብዙ ትውልድ አልፏል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዐፄ ዓምደ ጽዮን ተገጥመው እስከ እኛ የደረሱት የድል ግጥሞች በአማርኛ መሆናቸው፣ በሠፈሩ ይነገር የነበረው ቋንቋ የትኛው እንደ ነበር ያመለክታል። እንግዲህ ለሕፃኑ ጊዮርጊስም ግእዝ፣ ዛሬ ለእኛ ልጆች እንደ ሆነው ሁሉ፣ በትምህርትና በድካም የሚገኝ ቋንቋ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባብያን በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ

አባቱ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት የላከው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነበር። ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ በመጣው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እጅ ጸንቶ፣ ከመላው አገሪቱ ደቀ መዛሙርት የሚጎርፉበት ታላቅ ጉባኤ ቤት ሆኖ ነበር። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከኢየሱስ ሞዐ የተማረው በዚያ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያጻፈው አራቱ ወንጌል ዘመናትን ተሻግሮ ደርሶናል፤ ብራናውን ያዘጋጁት፣ ቀለሙን የበጠበጡት፣ መስመሩን ያሰመሩት እጆች ሁሉ አልፈው ቃሉ ቀርቷል።

የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ታላቅ መዓርግ ነበረው። የመዓርጉ ስም በአማርኛ ሰዓት ጠባቂ እንደ ማለት ነው። ሌሊትና ቀኑን በጸሎት ሰዓት የከፈለው መጽሐፍ ደራሲ፣ ሰዓት ጠባቂ ከሚሾምበት ገዳም መውጣቱን ስናስብ የእግዚአብሔርን ጥበብ እናደንቃለን።

ነገር ግን ጊዮርጊስ ወደ ሐይቅ እንደ ገባ የገጠመው ክብር አልነበረም። ገድሉ እንደሚተርከው ለሰባት ዓመታት ያህል ትምህርቱ አልገባ አለው። ጓደኞቹ እየቀደሙት ሄዱ፤ እርሱ ግን የተነገረውን መያዝ ተሳነው። መምህሩም ተስፋ ቆርጦ አባቱ መጥቶ እንዲወስደው ላከበት። ሕዝበ ጽዮን ግን ልጁን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር ሰጥቶታልና መልሶ ሊወስደው አልፈቀደም፤ መማር ካልቻለ ገዳሙን በጉልበቱ ያገልግል ብሎ በዚያው ተወው።

ከወፍጮው አጠገብ

ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ የገዳሙን እህል ፈጪ ሆነ። የተማሩት ወንድሞቹ መጽሐፍ ሲመለከቱ እርሱ ከድንጋዩ ወፍጮ ሥር ተንበርክኮ የመነኮሳቱን ቀለብ ያዘጋጅ ነበር። የእጅ ወፍጮ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ድካም ያውቀዋል፤ ጉልበትን ይፈታል፣ መዳፍን ያሳብጣል። ሊቅ ይሆናል ተብሎ የተላከ የሊቅ ልጅ በዚያ ስፍራ ሲታይ የሚሰማውን ኀፍረትም መገመት አያዳግትም። እርሱ ግን አላማረረም፤ ከገዳሙም አልኮበለለም። ቀን ይፈጫል፤ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ዕንባውን ያፈስሳል።

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምም ልመናውን ሰምታ እንደ ተገለጠችለት፣ በቅዱስ ዑራኤል እጅም ጽዋዓ ልቦና እንደ ጠጣ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡናው ተከፈተ፤ ያልገባው ሁሉ ገባው፤ የሰማውንም የማይረሳ ሆነ። አልማርም ተብሎ የተተወው እህል ፈጪ የመምህራን መምህር ለመሆን በቃ።

በዚህ ታሪክ የቅዱስ ያሬድን ሕይወት የማያስታውስ ማን አለ? ያሬድም ትምህርት አልገባው ብሎ ለዓመታት ከተቸገረ በኋላ ነበር፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ ደጋግማ የተነሣችውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ የተመለሰው። የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ አባት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሰዓታቱ ደራሲ ደግሞ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንድ ዓይነት በር አለፉ። ሁለቱም አስቀድመው አላዋቂነትን ቀመሱ። ቋንቋውና ዜማው ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ሳይሆን በትዕግሥትና በጸሎት የሚወረስ መሆኑን በራሳቸው ሕይወት አሳዩን።

መጽሐፈ ሰዓታት

አባ ጊዮርጊስ ከሐይቅ ወጥቶ በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት በነገሥታቱ ሠፈር መምህር ሆነ። ከንጉሡ ልጆች መካከል፣ ኋላ ነግሦ ብዙ መጻሕፍትን የጻፈውና ያጻፈው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከእርሱ እንደ ተማረ ይነገራል። የብዕሩም ፍሬ በዚያ ዘመን ጎመራ። በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለየውን የእመቤታችንን ምስጋና አርጋኖንን ደረሰ፤ ንጉሡም ድርሰቱን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ በወርቅ ቀለም አስጻፈው ተብሎ ይተረካል። ውዳሴ መስቀልና ፍካሬ ሃይማኖትም ከእርሱ ድርሰቶች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ሕይወት ዘልቆ የገባው ግን መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያናችን ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የተወረሰ ሰዓታት ይጸለይ ነበር። አባ ጊዮርጊስ ያንን ሥርዐት የሚያውቅ፣ መዝሙረ ዳዊትን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትንና ወንጌልን በልቡ የያዘ ሰው ነበርና፣ ለሌሊቱና ለቀኑ የጸሎት ጊዜያት ምንባቡን ከምስጋናው፣ ምልጃውን ከዜማው አስማምቶ አዲስ ሥርዐት አዘጋጀ። በሌሊቱ ሰዓታት ውስጥ የሥላሴ ምስጋና፣ የእመቤታችን ውዳሴ፣ የመላእክትና የቅዱሳን ሰላምታ በተራቸው ይመጣሉ። የቆመ ሰው ድካም እንዳያሸንፈው ዜማው ይለዋወጣል፤ አእምሮው እንዳይባዝን ምንባቡ ይጠራዋል።

አባቶች ይህን ሥርዐት ተቀብለው ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው አደረሱት። ዛሬ በአገር ውስጥም ሆነ በባሕር ማዶ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት ሁሉ ሰዓታት ይቆማል። መጽሐፈ ሰዓታትን ፈጽሞ ገልጦ የማያውቅ ምእመን እንኳ በፍልሰታ ሌሊት ዜማውን ሲሰማ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው ይሰማዋል፤ እናቱ በጀርባዋ አዝላው በዚያ ቆማ ነበርና።

መከራውና መጽሐፈ ምሥጢር

የአባ ጊዮርጊስ ዘመን የዝማሬ ብቻ አልነበረም። በነገሥታቱ ሠፈር ቢቱ የሚባል ሰው ምሥጢረ ሥላሴን የሚያፋልስ ትምህርት ይዞ በተነሣ ጊዜ፣ አባታችን በጉባኤ ተከራክሮ ረታው። ሆኖም በእውነት የረታ ሁሉ በሰላም አይኖርም። ከዚያ በኋላ በክፉዎች ክስ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ እስከ መታሰር እንደ ደረሰ ገድሉ ይተርካል። ትናንት ድርሰቱ በወርቅ ቀለም የተጻፈለት ሰው በማግሥቱ በእግር ብረት ሆነ። ነገሥታት አለፉ፣ ነገሥታት ተተኩ፤ የእርሱም ዕድል ከፍና ዝቅ አለ። የቤተ መንግሥት ወዳጅነት እንደ ጠዋት ጤዛ እንደ ሆነ ተማረ።

መከራው ግን ብዕሩን አላደረቀውም። በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1424፣ ታላቁን መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ። መጽሐፉ ሠላሳ ድርሳናትን የያዘ ሲሆን እያንዳንዱ ድርሳን የአንድን መናፍቅ ትምህርት እያነሣ ይመልሳል። ሰባልዮስ፣ አርዮስ፣ ንስጥሮስና ሌሎችም፣ በመጨረሻም በእርሱ ዘመን የተነሣው ቢቱ መልስ አግኝተውበታል። ልብ ልንለው የሚገባን ግን አባታችን ይህን ጥልቅ መጽሐፍ ለሊቃውንት ብቻ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ አለማድረጉን ነው። ድርሳናቱ በዓመቱ በዓላት በቤተ ክርስቲያን እንዲነበቡ ሆነው ተዘጋጅተዋል። ለእርሱ ትምህርት ከምስጋና፣ ምስጋናም ከትምህርት የተለየ አልነበረም። ምእመኑ በሌሊት የሚዘምረውን በቀን እንዲያውቀው፣ በቀን የተማረውን በሌሊት እንዲዘምረው ፈለገ።

ጋስጫና ዕረፍቱ

አባ ጊዮርጊስ ስሙ የሚጠራበት ጋስጫ በቦረናና በሳይንት አገር፣ ገደልና ሸለቆ በከበበው ምድር የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። ከእርሱ አስቀድሞ የአባ በጸሎተ ሚካኤል በአት እንደ ነበር ይታወቃል። አባታችን በዚያ መነኮሳቱን እየመራ፣ እያስተማረና እየጻፈ ኖረ። መጽሐፈ ምሥጢርን ከፈጸመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ዕለቱ የቅድስት ሥላሴ መታሰቢያ ነው፤ ስለ ሥላሴ የተከራከረው፣ ስለ ሥላሴም የታሰረው አባት በሥላሴ ዕለት ተጠራ። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን ታስበዋለች።

ዜማው እንዴት ደረሰን?

አንድ ሰው መጽሐፍ ጽፎ ሲያርፍ መጽሐፉ በሣጥን ይቀመጣል። ዜማ ግን በሣጥን አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው በሰው ደረት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአባ ጊዮርጊስ ሰዓታት እስከ እኛ የደረሰው፣ በእርሱና በእኛ መካከል ባሉት ስድስት መቶ ዓመታት ውስጥ አንድም ትውልድ ሰንሰለቱን ስላልበጠሰ ነው። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገሪቱ ላይ በወረደው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት እሳት በላቸው፤ የሐይቅ ገዳምም ከመዘረፍ አልዳነም። ከእሳቱ የተረፉት መምህራን የተቃጠለውን በቃላቸው ከያዙት መልሰው ጻፉ። ይህ ሁሉ ጥፋት ባለፈ ማግሥት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እዚሁ ወሎ፣ በአምሐራ ሳይንት ተድባበ ማርያም፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ለድጓው ዜማ ከፊደሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፈውን ምልክት በሥርዐት አዘጋጁ። ጥፋትን ያዩ ሰዎች ናቸውና ዜማው ደረት ብቻ ሳይሆን ብራናም እንዲኖረው አደረጉ። ሆኖም ምልክቱ የሚያስታውሰው ለተማረ ሰው ነው፤ ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ከምልክቱ ብቻ ሊያዜም አይችልም።

የቅዳሴና የሰዓታት ዜማ ከሚመሰከርባቸው ሁለት ታላላቅ ጉባኤያት አንዱ ደብረ ዓባይ ሲሆን ሌላው በወሎ ምድር የሚገኘው ሰለልኩላ ነው። ተማሪው በቅዳሴ ቤት ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ መምህሩ ያዜማል፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ከሳተ ይታረማል፤ ደግሞ ይቀበላል። የቃል ትምህርቱ በሌሊት፣ ያለ መብራት፣ በጆሮና በልብ ብቻ ይጠናል። ቀን ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። አባ ጊዮርጊስ በወፍጮ የከፈለውን ዋጋ የአብነት ተማሪው በአኩፋዳ ይከፍለዋል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ወደ መንግሥት ሲዞር ገዳማትና አድባራት ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ መተዳደሪያ የነበረውን ርስት አጡ። በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ ቁራሽ ለማኙንም ቁራሽ ሰጪውንም በአንድነት ጎዳ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ዛሬም በሌሊት ሰዓታት ስንሰማ፣ የምንሰማው የካህናቱን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ያልተበጠሰውን የአደራ ሰንሰለት ጭምር ነው።

ዛሬ ተረኞቹ እኛ ነን

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የአባታችንን ሕይወት የተረክነው ታሪክ ለማወቅ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ልጆቻችን ግእዝ አይሰሙም፤ የማይሰሙትን ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ምን ይጠቀማሉ? ሁሉም በአማርኛ ቢሆን አይሻልምን? ይላሉ ጠያቂዎቹ። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለምና በንቀት ልናልፈው አይገባም። ልጇ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቅባት የምትጨነቅ እናት ጥያቄ ነው።

መልሱን ግን ከአባ ጊዮርጊስ ሕይወት እናገኛለን። ከላይ በልባችሁ ያዙልን ያልነው ነጥብ ይህ ነው። ግእዝ ለእርሱም የአፍ መፍቻ አልነበረም፤ ለእርሱም ከብዶት ነበር፤ ሰባት ዓመት አስለቅሶታል። ቋንቋው ከበደኝ ብሎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ ሰዓታት የሚባል ምስጋና አይኖረንም ነበር። ስለዚህ ግእዝ ለልጆቻችን ይከብዳል የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም። የግብጽ ክርስቲያኖች ዐረብኛ የሚናገሩ ሆነው ሳለ የቅብጥን ቋንቋ ከቅዳሴያቸውና ከዝማሬያቸው አላወጡትም። የሚያውቁትን ቋንቋ ለትምህርት፣ የወረሱትን ቋንቋ ለምስጋና ይዘው ሁለቱንም ጠብቀዋል።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ሕዝቡ ሳይገባው ይቁም አላሉም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ንባቡን በግእዝ፣ ምሥጢሩን በአማርኛ የሚያስተምረው ለዚሁ ነው። በፍልሰታ ሱባኤ ሌሊት ሰዓታቱ ቆሞ፣ ሲነጋ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ለሕዝቡ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ችግሩ ያለው ከግእዙ ሳይሆን ከትርጓሜው መጓደል ነው። ሰዓታቱን ሰምቶ ትርጓሜውን ሳይሰማ የሚመለስ ወጣት ግማሽ ማዕድ ቀምሶ የተመለሰ ነው። እንግዲህ ጉድለቱን መሙላት የእኛ የአገልጋዮቹ ድርሻ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን መዝሙር ስናስጠና ከሰዓታቱ አንድ ምስጋና መርጠን ቃል በቃል ብንተረጉምላቸው፣ ልጆቹ በሌሊት የሚሰሙት ነገር ባዕድ አይሆንባቸውም። በዓመት ጥቂት ምስጋናዎችን ያወቀ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ብዙ ያውቃል።

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። በዘመናችን ዜማው በስልክ ይቀዳል፤ በድምፅ ማጉያም ከሩቅ ይሰማል። ይህ በራሱ በጎ ነው፤ በባዕድ አገር ያለ ወገናችን በቤቱ ሆኖ ይጽናናበታል። ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ የሳተውን አያርምም፤ ተማሪ አይወልድም፤ በቤተ መቅደስ ፊትም ተክቶ አይቆምም። በአንድ ደብር ሰዓታት የሚያውቁት አንድ አረጋዊ መሪጌታ ብቻ ሆነው፣ እርሳቸውም ሲታመሙ በዚያ ሌሊት ሰዓታቱ ሳይቆም የቀረበትን ጊዜ እናውቃለን። ቅጂው በየኪሳችን ነበረ፤ የሚቆም ሰው ግን አልነበረም። ያን ሌሊት የተሰማን ዝምታ ይህን ሁሉ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ አስረዳን።

ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በሌሎችም ከተሞች ያለን ምእመናን የምንችለው ብዙ ነገር አለ። በበራችን የሚቆመውን የአብነት ተማሪ ለማኝ ብለን ሳይሆን የአባ ጊዮርጊስ ወራሽ ብለን እንቀበለው። በየአጥቢያችን ያለው የአብነት መምህር የወር ደመወዙ ቤተሰቡን እንደሚያኖር ሰበካ ጉባኤያችንን እንጠይቅ። በከተማ የሚኖር ልጅ ከመደበኛ ትምህርቱ መልስ ፊደል፣ ንባብና ዳዊት እንዲማር ወላጆች እንፍቀድ፤ የከተማ ልጅ ዳዊት አይደግምም ያለ ሕግ የለም። ለጉዞ ስንነሣም ሩቁን ብቻ አንመኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጆቻችንን ወደዚያ ወስደን፣ አንድ ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ እዚህ እህል ይፈጭ ነበር፣ ዛሬ ሌሊት የምትሰሙትም የእርሱ ምስጋና ነው ብለን እንንገራቸው። በትምህርት የደከመ፣ ከጓደኞቹ የዘገየ ልጅ ይህን ሲሰማ ቀና እንደሚል አንጠራጠርም።

በመጪው ፍልሰታም የጦሳ ጉም እንደ ልማዱ ይወርዳል፤ ጭቃውም ብርዱም አይቀርም። ሕፃናቱ ዓይናቸውን እያሹ ከእናቶቻቸው ጋር ሲመጡ በውስጥ የሚመራና የሚቀበል ሊያገኙ ይገባል። አባታችን አደራውን ከወፍጮው ሥር ተነሥቶ ተቀብሏል፤ ከእርሱም በኋላ የመጡት በጦርነትና በረኃብ መካከል አሳልፈውልናል። የእኛ ትውልድ አደራ በላ ተብሎ እንዳይወቀስ አምላከ አባ ጊዮርጊስ ይርዳን።

የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ጸሎትና በረከት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ረድኤት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።